የኮሊን ሃውን የዊኪፔዲያ ገጽ ማሻሻል፦ ከ«የጎርዲ ሚስት» ወደ ራሷ ታሪክ

የታዋቂ ስፖርተኛ ሚስት የዊኪፔዲያ ገጽ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መንገድ ነው፦ ገጹ በስሟ ይከፈታል፣ ወሬው ግን ስለ ባሏ ይሆናል። የበረዶ ሆኪ ኮከቡ የጎርዲ ሃው ሚስትና ወኪል የነበረችው ኮሊን ሃው ጥሩ መለማመጃ ናት። የራሷ ሥራ ብዙ ነው፣ በዘመኑ ጋዜጦችም ተጽፎላታል። ችግሩ የባሏ ስም ሁሉን መሸፈኑና ከሚዞረው ታሪክ ውስጥ ብዙው ከራሱ ከቤተሰቡ የወጣ መሆኑ ነው። እዚህ ያለው አሠራር ለእንግሊዝኛው ገጽ ነው፤ የአማርኛው ጉዳይ ወደ መጨረሻው ላይ ይመጣል። ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻ

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን ነጥቦች አንድ ወረቀት ላይ አስፍሩ። ኮሊን ጆፋ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1933 ሚሺጋን ውስጥ ሳንደስኪ በተባለች ከተማ ተወለደች። የዲትሮይት ሬድ ዊንግስ ኮከብ የነበረውን ጎርዲ ሃውን ኤፕሪል 15 ቀን 1953 አገባች። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዲትሮይት ጁኒየር ሬድ ዊንግስ የተባለውን የወጣቶች ቡድን መሠረተች። በ1973 ጎርዲ ከሁለት ልጆቹ ከማርቲና ከማርክ ጋር ለሂውስተን ኤሮስ የፈረመበትን ውል ተደራደረች። በ1981 በኮኔቲከት የኮንግረስ ዕጩ ለመሆን ተወዳደረች። «ሚስተር ሆኪ» እና «ሚስስ ሆኪ» የሚሉትን መጠሪያዎች የንግድ ምልክት አድርጋ አስመዘገበች። ማርች 6 ቀን 2009 በ76 ዓመቷ አረፈች።

እነዚህን ይዛችሁ አሁን ያለውን ገጽ ሙሉውን ወደ ራሳችሁ ሰነድ ቅዱትና ዓረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ በሦስት ቀለም ለዩ። እሷ ያደረገችውን የሚናገር አረንጓዴ፣ ባሏ ወይም ልጆቿ ያደረጉትን የሚናገር ቢጫ፣ ምስጋና ብቻ የሆነ ቀይ። ቢጫው ከአረንጓዴው ከበዛ ሥራችሁ ከመጨመር ይልቅ በመቀነስ ይጀምራል። ጎርዲ በኤንኤችኤል (በሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ) ያስቆጠራቸው 801 ጎሎችና ያነሣቸው 4 የስታንሊ ዋንጫዎች (የሊጉ ዋንጫ) የራሳቸው ገጽ አላቸው። በ1997 በ69 ዓመቱ ለዲትሮይት ቫይፐርስ ለአጭር ጊዜ በረዶ ላይ መውጣቱም እንዲሁ፤ እሷ ጉዳዩን እንዳመቻቸች የሚል ምንጭ ካልተገኘ በቀር እዚህ ቦታ የለውም። ቀዩ ውይይት አያስፈልገውም፣ ይውጣ።

ጉዳዩ የአጻጻፍ ውበት ብቻ አይደለም። የዊኪፔዲያ ደንብ ታዋቂነት በጋብቻ አይወረስም ይላል። ገጹ ስለ ጎርዲ ብቻ የሚያወራ ከሆነ አንድ ቀን አንዱ አርታዒ መጥቶ «ወደ ባሏ ገጽ ይጠቃለል» የሚል ሐሳብ ያቀርባል፣ ክርክሩንም ሊያሸንፍ ይችላል። መከላከያው ስለ እሷ በዝርዝር የጻፉ፣ ከቤተሰቡ ጋር ግንኙነት የሌላቸው ቢያንስ ሦስት ምንጮች ናቸው።

አካውንትና የውይይት ገጽ

ያለ አካውንት ማረም ይቻላል፤ አይመከርም። አካውንቱ 4 ቀን ሲሞላውና 10 እርማት ሲኖረው ገጾችን ማዛወርና በከፊል የተቆለፉ ገጾችን ማረም ይፈቀድለታል። የመጀመሪያዎቹን 10 እርማቶች በዚሁ ገጽ ላይ አታድርጉ፤ የፊደል ግድፈትና የሞተ ሊንክ ማስተካከል በቂ ልምምድ ነው።

ከዚያ የገጹን የእርማት ታሪክ ከታች ወደ ላይ አንብቡ። ማን ምን እንደጨመረና ማን ለምን እንዳጠፋው ይታያል። ልትጨምሩት ያሰባችሁት ነገር ከዚህ በፊት ተጨምሮ ጠፍቶ ከሆነ ምክንያቱን ሳታዩ አትመልሱት። በውይይት ገጹም ላይ ምን ለመቀየር እንዳሰባችሁ በአራት አምስት መስመር ጻፉና 7 ቀን ጠብቁ። አብዛኛውን ጊዜ መልስ የሚሰጥ የለም። ቢሆንም በኋላ ጠብ ቢነሳ ያቺ መልእክት ትልቅ ማስረጃ ናት። የቤተሰቡ ዘመድ ከሆናችሁ ወይም የሚከፍላችሁ ሰው ካለ በግልጽ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ገጹን ራሱ ከማረም ይልቅ ጥያቄውን በውይይት ገጹ ላይ ያቀርባል።

ምንጭ ፍለጋ

ከሥራው ሁሉ ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው፤ የገጹ ጥራትም የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው «ኮሊን ሃው» ብሎ ይፈልግና ከ1970 በፊት ምንም እንደሌለ ይደመድማል። ስህተቱ የሚመጣው ከዘመኑ ልማድ ነው። በ1950ዎቹና 60ዎቹ የአሜሪካ ጋዜጦች ያገባችን ሴት የሚጠሩት በባሏ ሙሉ ስም ስለነበር «ሚስስ ጎርዲ ሃው» ብላችሁ ካልፈለጋችሁ የምታገኙት ትንሽ ነው። ከጋብቻዋ በፊት ላለው ጊዜ «ኮሊን ጆፋ» በሉ። የመጀመሪያ ስሟ በእንግሊዝኛ ሁለት «ኤል» አለው፣ ጋዜጦች ግን አንዳንዴ በአንድ ስለሚጽፉት ሁለቱንም ሞክሩ። የቤተሰቡ ስም «እንዴት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር በአንድ ፊደል ብቻ ስለሚለይ የተቃኘ ጋዜጣን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ፊደል አንባቢ ፕሮግራም ያምታታዋል። ሙሉውን ስም በጥቅስ ምልክት ውስጥ ካላስገባችሁት በማይረባ ውጤት ትሞላላችሁ።

ፍለጋውን በቦታና በዘመን ክፈሉት። ከ1953 እስከ 1973 የዲትሮይት ጋዜጦች፣ በተለይ ዲትሮይት ፍሪ ፕሬስ። ከ1973 እስከ 1977 የሂውስተን። ከ1977 ጀምሮ፣ ቤተሰቡ ወደ ኒው ኢንግላንድ ዌለርስ ቡድን ከሄደ በኋላ፣ የኮኔቲከቱ ሃርትፎርድ ኩራንት። ለ1981ዱ የፖለቲካ ፉክክር የሚሻለውም ይኸው ኩራንት ነው፤ የአገር አቀፍ ጋዜጦች በአንድ አንቀጽ ያለፉትን የአካባቢ ጋዜጣ በየቀኑ ይከታተለዋል። ለዜና ዕረፍቷ ከማርች 6 እስከ 10 ቀን 2009 ያሉትን እትሞች እዩ።

የጋዜጣ ማኅደሮች ብዙዎቹ በክፍያ ናቸው። በነፃ የሚገባበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው የዊኪፔዲያ ቤተ መጻሕፍት ሲሆን 6 ወር የሞላው አካውንት፣ 500 እርማት፣ ባለፉት 30 ቀናት 10 እርማትና ከእገዳ ነፃ መሆንን ይጠይቃል። ሁለተኛው አሜሪካ ለሚኖር አንባቢ የሚሆነው ነው፦ የአብዛኞቹ ከተሞች ሕዝባዊ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ከቤት ሆኖ የጋዜጣ ማኅደር ያስከፍታል፣ ካርዱም ለነዋሪ በነፃ ነው። ለመጻሕፍት ኢንተርኔት አርካይቭን እዩ፤ ብዙ የቆዩ መጻሕፍት ለ1 ሰዓት ይዋሳሉ። በፍለጋ ሞተር ላይ ብቅ የምትል የመጽሐፍ ቁራጭ ብቻ አይታችሁ አትጥቀሱ፣ ከፊት ያለው ገጽ ላይ «እንደሚወራው» የሚል ቃል ሊኖር ይችላል።

የማይሆኑ ምንጮች፦ የመቃብር ፎቶ የሚሰበስቡ ድረ ገጾች፣ ማንም የሚሞላቸው የፊልም ዝርዝሮች፣ የመታሰቢያ ዕቃ ሻጮች፣ ሌሎች ዊኪዎች። በመሃል ያሉ ደግሞ አሉ። ቤተሰቡ ያሳተማቸው መጻሕፍት፣ ኮሊን ራሷ በ1975 ያወጣችውም ጭምር፣ ለማያከራክር ነገር ይሆናሉ፦ የት እንደኖሩ፣ እሷ ስለ ጉዳዩ ምን እንዳሰበች። «እኔ ባልኖር ውሉ አይሳካም ነበር» ለሚል ዓይነት ነገር ግን አይሆኑም። የንግድ ምልክቱን በተመለከተ የአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ መዝገብ መመዝገቡን ያረጋግጥላችኋል። ጉዳዩ ለምን አስፈላጊ እንደሆነ ግን ከመዝገቡ ተነስታችሁ በራሳችሁ ልትተነትኑ አይፈቀድም፤ ያንን የጻፈ ጋዜጠኛ ፈልጉ።

አንድ ወጥመድ በተለይ ልብ ይባል። ከ2009 በኋላ የተጻፉ ዜናዎች ከራሱ ከዊኪፔዲያ ገጽ የቀዱት ይኖራል። የዜናው ቀን ገጹ ላይ ያ ዓረፍተ ነገር ከገባበት ቀን በኋላ ከሆነና ቃላቱም ከተመሳሰሉ ምንጭ አይሆንም፤ ገጹ ራሱን እየጠቀሰ ነው ማለት ነው።

«የመጀመሪያዋ» የሚለው ቃል

ኮሊን «በሆኪ የመጀመሪያዋ ሴት ወኪል» ናት ሲባል ብዙ ቦታ ታገኛላችሁ። ዲትሮይት ጁኒየር ሬድ ዊንግስም «በአሜሪካ የመጀመሪያው የጁኒየር ኤ ቡድን» ይባላል፤ ጁኒየር ኤ አንድ የወጣቶች ሆኪ ደረጃ ነው። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ሆኖም ማን እንዳለው ሳይጠቀስ በገጹ በራሱ ድምፅ እንዲነገሩ ከእሷ በፊት ማንም እንዳልነበረ ያጣራ ሰው ያስፈልጋል፣ የሙት ዜና የሚጽፍ ዘጋቢ ደግሞ ይህን አያጣራም። መፍትሔው አባባሉን ከተናገረው ጋዜጣ ወይም ሰው ጋር ማሰር ነው።

አንድ ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚታረም እነሆ። በፊት፦

«ኮሊን በሆኪ ዓለም የመጀመሪያዋ ሴት ወኪል ስትሆን ባላትም ተወዳዳሪ የሌለው የድርድር ችሎታ ቤተሰቧን ታሪካዊ ውል አስፈርማለች።»

በኋላ፦

«በ1973 ኮሊን ጎርዲ ከማርቲና ከማርክ ጋር ከኤንኤችኤል ጋር ይፎካከር በነበረው በዓለም ሆኪ ማኅበር ውስጥ ለሚጫወተው ለሂውስተን ኤሮስ የሚፈርምበትን ውል ተደራደረች። ማርቲ 19፣ ማርክ 18 ዓመታቸው ነበር፤ በወቅቱ ኤንኤችኤል የሚመለምለው 20 ዓመት የሞላቸውን ነበር።»

ሁለተኛው አንድም ቅጽል የለውም፣ አንባቢው ግን ድርድሩ ለምን ከባድ እንደነበረ ይገባዋል። ዕድሜያቸው ለትልቁ ሊግ ያልደረሰ ሁለት ልጆችንና በ1971 ጫማውን የሰቀለ አባትን በአንድ ጠረጴዛ ማቅረብ ራሱ ይናገራል። እያንዳንዱ ሐቅ የራሱን ዋቢ ይይዛል፤ ለምሳሌ የዕድሜ ገደቡ ምንጭ ከውሉ ምንጭ ሊለይ ይችላል፣ አንዱ ዋቢ ሁለቱንም እንደሚሸፍን አድርጋችሁ አትለጥፉት።

በደመወዝ ላይ ጥንቃቄ ጨምሩ። የውሉ መጠን በየጋዜጣው ይለያያል፤ አንዱ የጎርዲን ብቻ፣ ሌላው የሦስቱን ድምር፣ ሦስተኛው የቅድሚያ ክፍያውን ጨምሮ ይጽፋል። አኃዝ ከማስገባታችሁ በፊት የማን፣ የስንት ዓመትና ምን ምን ያካተተ እንደሆነ ለዩ። ሁለት ታማኝ ምንጮች ካልተስማሙ ሁለቱንም ከነምንጫቸው ጻፉ እንጂ አማካይ አታውጡ።

የገጹ ቅርጽ

ለ1,000 ቃል ገጽ ሁለት አንቀጽ መግቢያ ይበቃል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማን እንደነበረች በራሷ ሥራ ይናገር፦ አሜሪካዊት የስፖርት ወኪልና የቡድን መሥራች። የጎርዲ ሚስት መሆኗ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ይግባ፤ አይደበቅም፣ ግን አይቀድምም። መግቢያው በገጹ ውስጥ የሌለ ነገር አይዝም፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ጻፉት።

ከዚያ የሚመጡት ክፍሎች እኩል ርዝመት አያስፈልጋቸውም። ልጅነትና ትዳር አጭር ይሁን። የጁኒየር ቡድኑና ሴንት ክሌር ሾርስ ውስጥ ጎርዲ ሃው ሆኪላንድ በሚል ስም የተሠራው የበረዶ ሜዳ አንድ ክፍል ይውጣላቸው። የወኪልነቱ ክፍል ረጅሙ ይሆናል፤ ከሂውስተን ወደ ኒው ኢንግላንድ ዌለርስ ያለው ጉዞ፣ የንግድ ምልክቶቹና ፓወር ፕሌይ ኢንተርናሽናል የተባለው የቤተሰቡ ኩባንያ እዚህ ይገባሉ። ፖለቲካው አንድ ጠንካራ አንቀጽ ነው፦ የኮንግረስ አባሉ ዊልያም ኮተር በ1981 ሲሞቱ በሪፐብሊካን በኩል ለቦታው ተነሳች፣ ዕጩነቱ የአን ኡቼሎ ሆነ፣ ወንበሩን በጃንዋሪ 1982 ዴሞክራቷ ባርባራ ኬኔሊ ያዘች። መሸነፏን የሚያለሰልስ ቃል አትፈልጉለት።

ሕመሟ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ፒክስ የተባለው የመርሳት በሽታ ዓይነት እንደነበረባት በሰፊው ተዘግቧል፤ ከዚያ ያለፈ የሕክምና ዝርዝር ጥቅም የለውም። እሷ ብታርፍም በሕይወት ያሉ ልጆችና የልጅ ልጆች ላይ ጥብቁ የሕያዋን ሰዎች ደንብ ይሠራል። ማርቲና ማርክ በስፖርቱ የታወቁ ስለሆኑ በስም ይጠራሉ። የሕዝብ ሰው ያልሆነን የቤተሰብ አባል አድራሻ፣ ሥራ ወይም የልደት ቀን ግን ምንጭ ቢኖረውም አታስገቡ።

የስሙ ጉዳይ ገጹን ሁሉ ይነካል። ዊኪፔዲያ ላይ ባለታሪክ የሚጠራው በቤተሰብ ስሙ ነው፤ እዚህ ግን አራት «ሃው» በአንድ አንቀጽ ስለሚገናኙ በመጀመሪያ ስም መጥራት ይፈቀዳል። «ኮሊን»ንና «ጎርዲ»ን አብራችሁ ተጠቀሙ። እሷን «ኮሊን»፣ እሱን «ሃው» ማለት ግን እሱን ባለታሪክ ያደርገዋል።

ዋቢ ማስገባት

በምስላዊ ማረሚያው ላይ የዋቢ ቁልፉን ተጭናችሁ ሊንኩን ብትለጥፉ ማሽኑ ቅጹን ራሱ ይሞላል፣ ብዙ ጊዜም ያበላሻል። በተቃኘ የቆየ ጋዜጣ ላይ የሚደጋገሙት ስህተቶች እነዚህ ናቸው፦ የማኅደሩን ድርጅት ስም እንደ ጋዜጣው ስም፣ ዜናውን ከማኅደሩ ቆርጦ ያስቀመጠውን ተጠቃሚ እንደ ደራሲ፣ የተቆረጠበትን ቀን እንደ እትሙ ቀን ያስገባል። የ1973 ዜና በ2021 ታተመ ተብሎ ሲወጣ አንባቢ ግራ ይጋባል። ስለዚህ ደራሲ፣ ርዕስ፣ ጋዜጣ፣ ቀንና ገጽ ቁጥር የሚሉትን አምስቱን ቦታዎች በእጃችሁ እዩ። ደራሲው ካልታወቀ ባዶ ይተው።

አንድ ምንጭ ከአንድ ጊዜ በላይ ስትጠቀሙ «ዳግም ተጠቀም» በሚለው በኩል ግቡ፤ አለበለዚያ ከታች ያው ዋቢ አምስት ጊዜ ይደረደራል። የምታስገቡትን ድረ ገጽ በሙሉ በዚያው ቀን ዌይባክ ማሽን (የድረ ገጾችን ቅጂ የሚያቆይ አገልግሎት) ላይ አስቀምጡ፤ የአካባቢ ጋዜጦች ድረ ገጻቸውን በቀየሩ ቁጥር የቆየው ሊንክ ይሞታል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የሙት ዜናን ዓረፍተ ነገር ሁለት ሦስት ቃል ቀይሮ ማስገባት የቅጂ መብት ጥሰት ነው። ምንጩን አንብቡ፣ ዝጉት፣ ከዚያ በራሳችሁ ቃል ጻፉ። ቀን፣ ስምና ቁጥር ለማመሳከር ብቻ ክፈቱት።

ፎቶ

ብዙ ጥሩ ሥራ የሚሰረዘው ፎቶ ላይ ነው። በቅድሚያ ነፃ ፎቶ ፈልጉ። አሜሪካ ውስጥ ከ1978 በፊት ያለ የቅጂ መብት ማሳሰቢያ የታተመ ፎቶ የሕዝብ ንብረት ነው፤ ቡድኖች ለጋዜጠኞች ያደሏቸው የማስታወቂያ ፎቶዎች እዚህ ሊወድቁ ይችላሉ። የፎቶው ፊትም ጀርባም መታየት አለበት፣ ማሳሰቢያው ጀርባው ላይ ሊሆን ይችላልና። ነፃ ካልተገኘ፣ ያረፈች ሰው ስለሆነች የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አንድ ነፃ ያልሆነ ምስል ከምክንያት መግለጫ ጋር ይቀበላል። ስፋቱ ወደ 100,000 ፒክስል ይውረድ፤ ለምሳሌ 280 በ350 ይሆናል። የዜና ወኪል ፎቶ ግን አይሆንም፣ ፎቶ መሸጥ ንግዳቸው ስለሆነ ወዲያው ይሰረዛል። እንዲህ ያለ ምስል ሁሉም ዊኪፔዲያዎች ወደሚጋሩት የነፃ ምስሎች ማኅደር፣ ወደ ዊኪሚዲያ ኮመንስ፣ አይጫንም፣ ስለዚህ የአማርኛው ገጽ አያገኘውም።

መለጠፍና መከራከር

ረቂቁን በአሸዋ ገጻችሁ (በራሳችሁ መሞከሪያ ገጽ) ላይ ጨርሱት፣ ወደ ገጹ ግን ክፍል በክፍል አስገቡት። ሁሉን በአንድ እርማት ስትለጥፉ፣ አንድ አርታዒ አንዲት ቃል ካልተመቸችው ሙሉውን ይሽረዋል። በየክፍሉ ከሆነ የሚሻረው ያ ክፍል ብቻ ነው። በየእርማቱ አጭር ማጠቃለያ ጻፉ፦ «ዋቢ የሌለው ምስጋና ወጣ»፣ «የ1981 ፉክክር ከጋዜጣ ምንጭ ጋር ታከለ»። አንቀጽ ጨምራችሁ «ጥቃቅን እርማት» የሚለውን ሳጥን አትጫኑ፤ እንደ ማታለል ይቆጠራል።

ሥራችሁ ከተሻረ በዚያው ቅጽበት መልሳችሁ አታስገቡት። በአንድ ገጽ ላይ የሌላን አርታዒ እርማት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይ መሻር ያሳግዳል፤ ከዚያ ባነሰም የእርማት ጦርነት (እየተፈራረቁ መሻሻር) ከተባለ ያው ነው። ወደ ውይይት ገጹ ሂዱና ከምንጩ ላይ ነጥቡን የሚናገረውን አንድ መስመር ጠቅሳችሁ ጠይቁ። «የሆኪ አድናቂ ሁሉ ያውቀዋል» ክርክር አይደለም።

ወደ አማርኛ ስትመልሱ

በማጠቃለያው ላይ ከየትኛው ገጽ እንደተተረጎመ ከነሊንኩ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ፈቃዱ የሚጠይቀው ይህን ነው። የማሽን ትርጉሙን እንደ መነሻ እንጂ እንደ ሥራ አትቁጠሩት፤ የሆኪን ቃላት በተለይ ያበላሻቸዋል።

ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር ስጡ። ልደቷ የካቲት 10 ቀን 1925 ዓ.ም.፣ ጋብቻዋ ሚያዝያ 7 ቀን 1945 ዓ.ም.፣ ዕረፍቷ የካቲት 27 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። ወሩ የማይታወቅ ዓመት ግን አይለወጥም፦ 1973 ብቻ ከተባለ 1965 ወይም 1966 ሊሆን ስለሚችል «እ.ኤ.አ. 1973» ብላችሁ ተዉት። በአንቱታ ከጀመራችሁ በአንቱታ ጨርሱ፤ ከተለያዩ እጆች የተሰበሰበ ገጽ የሚታወቀው «ነበሩ» እና «ነበረች» በአንድ አንቀጽ ሲገናኙ ነው።

ስሙን «ሃው» ብትሉት አንባቢ «ሀው» ወይም «ሐው» ብሎ ሊፈልግ ይችላል። ለእያንዳንዱ አጻጻፍ ወደ ዋናው ገጽ የሚመራ ማዛወሪያ ክፈቱ። ከዚያ ገጹን በዊኪዳታ (የየቋንቋውን ገጾች በሚያያይዘው የመረጃ ቋት) ከእንግሊዝኛው ጋር አገናኙ፣ በመከታተያ ዝርዝራችሁም ላይ ሁለቱንም አስገቡ፤ የሆኪ ወቅት ሲጀመርና የጎርዲ ስም ዜና ላይ በወጣ ቁጥር የባሏን ታሪክ ይዞ የሚመጣ አዲስ አርታዒ አይጠፋም።